ከዚያ ሌሊት በፊት የነበሩት ዓመታት



ዛሬ የምናገረው በገዛ ቤታቸው ለዓመታት ሲደበደቡ ኖረው በመጨረሻ እጃቸው ደም ስለ ነካ፣ ከዚያም ማረሚያ ቤት ስለ ገቡ ሴቶች ነው። ጉዳዩ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። የሞተ ሰው አለበት። አባታቸው ተቀብሮ እናታቸው የታሰረችባቸው ልጆች አሉበት። ልጇን የቀበረች እናት አለችበት። እነዚህን ሁሉ በልቤ ይዤ ነው የምናገረው፤ የአንዱን ሐዘን ለማንሣት የሌላውን ልጥል አልመጣሁም። የውጭ አገር ታሪኮችን ስጠቅስ ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የራሳችንን ሕጎች ደግሞ በራሳችን።

ከራሳችን ሕግ ልነሣ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አስቦ ሰው የገደለን ሰው በሦስት አንቀጾች ለይቶ ያያል። በአንቀጽ 539 ጥፋተኛ የተባለ፣ ማለትም አሰቃቂ፣ ጨካኝ ወይም አደገኛ ሆኖ የተገኘ፣ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ይፈረድበታል። በአንቀጽ 540 ሥር የወደቀ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። በአንቀጽ 541 የሚታየው ግን፣ ራሱን ሲከላከል ከመጠን ያለፈ ወይም በከባድ ትንኮሳ ስሜቱ ገንፍሎ የገደለ፣ ቅጣቱ ከ5 ዓመት ቀላል እስራት አይበልጥም። ሟቹ አንድ፣ ገዳይዋም አንዲት ሆና ሳለ፣ ዳኛው የሚመርጠው ቁጥር ከገመድ እስከ 5 ዓመት ድረስ ያለውን ርቀት ይወስናል።

ታዲያ ቁጥሩ የሚመረጠው በምን ነው? ዐቃቤ ሕግ የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች አስቡ። በምን መታችው? መሣሪያውን ከየት አመጣችው? ሲሞት ቆሞ ነበር ወይስ ተኝቶ? ከጠቡ በኋላ ስንት ሰዓት አለፈ? ሁሉም ስለዚያች ሌሊት ናቸው። በጉልበት የማትችለውን ሰው ፊት ለፊት የምትገጥም ሴት ጥቂት ናት። ትጠብቃለች። ሲተኛ ትጠብቃለች፣ ሲሰክር ትጠብቃለች። መጥረቢያውን ወይም ዘነዘናውን የምታነሣው ባዶ እጇ እንደማይበቃት በብዙ ዱላ ስለ ተማረች ነው። ከፍርሃትና ከአቅም ማነስ የመጣው ነገር ሁሉ በክስ መዝገቡ ላይ ሲጻፍ ግን «አስባበት»፣ «አድፍጣ»፣ «በጭካኔ» ይሆናል። ድክመቷ ራሱ ወደ 539 የሚገፋት ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።

ይህ የእኛ ሕግ ብቻ ያመጣው ችግር አይደለም። ሥሩ በብዙ አገር ሕግ ውስጥ አለ፤ ሥሩን ለማየት እንግሊዝ አገር የተፈረደ አንድ የቆየ ጉዳይ ይበቃል። በ1949 አንዲት ሴት የሚያሠቃያትን ባሏን አልጋው ላይ ሳለ በመዶሻና በጥልቆ ገደለችው። ዳፊ በሚል ስም የሚታወቀው መዝገብ ይህ ነው። ዳኛው ለፍርድ ሸንጎው የሰጡት መመሪያ ከዚያ ወዲህ ለስድሳ ዓመት የአገሩ ሕግ ሆኖ ኖረ፤ በትንኮሳ ምክንያት ቅጣት ሊቀልለት የሚችለው በድንገትና ለጊዜው ራሱን መቆጣጠር ያቃተው ሰው ብቻ ነው የሚል። ደሙ የፈላ ሰው፣ በዚያው ቅጽበት እጁን የሰነዘረ ሰው። ሚስቱን ከሌላ ሰው ጋር አግኝቶ ወዲያው የገደለ ባል በዚህ መስፈርት በቀላሉ ያልፋል። ዓመታት ተደብድባ፣ ፈርታ፣ የምትይዘው የምትጨብጠው አጥታ፣ ሰዓታት ቆይታ የተነሣች ሚስት አታልፍም። የተደበደቡ ሴቶችን ከምሕረት ደጃፍ የመለሰው ቃል የተነገረው በአንዲት የተደበደበች ሴት ችሎት ላይ መሆኑ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ከአርባ ዓመት በኋላ ያ ሕግ ኪራንጂት አህሉዋሊያን አገኛት። ኪራንጂት ከፓንጃብ ወደ እንግሊዝ ያመጣት በቤተ ሰብ የተጠናቀቀ ጋብቻ ነው። የቤተ ሰቡ ክብር በእሷ ዝምታ ላይ የቆመ ነው። ለአሥር ዓመት ያህል ባሏ ሲደበድባት፣ ሲደፍራት፣ በጋለ ካውያ ሊያቃጥላት ሲነሣ ኖረች። በ1989 አንድ ሌሊት ተኝቶ ሳለ ቤንዚን አርከፍክፋ እሳት ለቀቀችበት፤ ከቀናት በኋላ ሞተ። ችሎቱ ያንን ሌሊት አየ፤ ተኝቶ ነበር፣ ቤንዚኑ ቀድሞ ተገዝቷል፣ ጠቡና እሳቱ መካከል ጊዜ አልፏል። ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። ሳውዝሆል ብላክ ሲስተርስ የተባለው የሴቶች ማኅበር ጉዳይዋን ይዞ አደባባይ ወጣ፤ በ1992 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረው፤ በዚያው ዓመት ቅጣቷ እስከዚያ በታሰረችበት ጊዜ ተወስኖ ነፃ ወጣች። ሕጉ ራሱ የተቀየረው ግን በ2009 በወጣ አዋጅ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ራስን መቆጣጠር ማጣት የግድ ድንገተኛ መሆን የለበትም።

የዚህችን ሴት ታሪክ ከሌሎቹ ረዘም አድርጌ ያወራሁት በምክንያት ነው። በስደት ያሉ እህቶቻችንን ሳስብ የምትታየኝ እሷ ናት። በዋሽንግተን፣ በለንደን ወይም በቴል አቪቭ የምትኖር፣ ወረቀቷ በባሏ ስም የተንጠለጠለ፣ ፖሊስ ቢመጣ ምን ብላ እንደምታስረዳ የማታውቅ ስንት ሴት አለች። በአሜሪካ በ1994 የወጣው የሴቶች ጥቃት መከላከያ ሕግ የተደበደበች ሚስት ያለ ባሏ ፈቃድ ራሷ ለመኖሪያ ፈቃድ እንድታመለክት በር ከፍቷል። ይህን የማታውቅ ሴት ግን በዚያ በር አትገባም። አንድ ጊዜ ከታሰረች ደግሞ ጥፋተኛ መባሏ ከእስራቱ በላይ ሌላ መዘዝ አለው፤ ፍርዷን ስትጨርስ ልጆቿን ትታ ከአገር ልትባረር ትችላለች። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ማኅበሩም በቋንቋዋ ሊነግሯት የሚገባ የመጀመሪያው ነገር ይህ በር መኖሩ ይመስለኛል።

እንግሊዝ ውስጥ ሌላም ለውጥ መጥቷል። በ2015 አንድ ሰው የትዳር ጓደኛውን ሕይወት በቁጥጥሩ ሥር ማዋሉ፣ ገንዘቧን መያዙ፣ ከዘመድ መነጠሉ፣ መውጫ መግቢያዋን መቆጣጠሩ፣ ባይመታትም እንኳ ራሱን የቻለ ወንጀል ሆነ። ሳሊ ቻለን የተባለች ሴት በ2010 ባሏን በመዶሻ ገድላ በሚቀጥለው ዓመት ዕድሜ ልክ ተፈርዶባት ነበር። በ2019 ግን የይግባኝ ችሎቱ አዲስ የአእምሮ ሕክምና ማስረጃንና ይህን የቁጥጥር ኑሮ አብሮ አይቶ የግድያ ፍርዱን ሻረ፤ ከወራት በኋላ ዝቅ ባለ ወንጀል ተፈርዶባት የታሰረችው በቂ ነው ተብሎ ወጣች። ከአሥራ አምስት ዓመቷ ጀምሮ የምታውቀው ሰው ነበር። ሰላሳ አንድ ዓመት የትዳር ኑሮ ወደ ችሎት የገባው ስምንት ዓመት ከታሰረች በኋላ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በፈረንጆች 2016 በአገራችን የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶ የሚሆኑት በትዳር ጓደኛቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ያሳያል። ከዚያው ጥናት የበለጠ እንቅልፍ የሚነሣኝ ቁጥር ሌላ ነው። 63 በመቶ የሚሆኑ ሴቶች ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ቢያንስ አንድ ምክንያት አለ ብለዋል፤ ወጥ ካሳረረች፣ መልስ ከሰጠች፣ ሳትናገር ከወጣች፣ ልጆቹን ችላ ካለች፣ ወይም መኝታ ከከለከለች። ወንዶቹ እንዲህ ያሉት 28 በመቶ ናቸው። ዱላውን ሕግ አድርጋ የተቀበለች ሴት ለማን ትከስሳለች? ምን ብላ?

እስቲ የአንዲትን ሴት መንገድ እንከተል። ማንም ልትሆን ትችላለች፤ ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። መጀመሪያ የምትሄደው እናቷ ዘንድ ነው። እናትየው ፊቷን አይታ ታለቅሳለች፤ ቅቤ ትቀባታለች፤ ቡና ታፈላለች፤ ከዚያ «ቻይው ልጄ፣ እኔስ ከአባትሽ ጋር እንዴት የኖርኩ ይመስልሻል?» ብላ መልሳ ትልካታለች። ሁለተኛው ሲብስ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ፤ እሱ «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ይላል፤ ጉልበት ይስማል፤ እሷ «ለልጆችሽ ስትይ» ትባላለች፤ እርቅ ይወርዳል፤ ተመርቀው ይነሣሉ። ሦስተኛው ሲመጣ ፖሊስ ጣቢያ ትሄዳለች፤ «የቤታችሁን በቤታችሁ ጨርሱ» ተብላ ትመለሳለች፤ ወይም ቃሏን ሰጥታ በሳምንቱ አማቾቿ ደጅ ጠንተው ክሷን ያስነሷታል። ጥርሷ ሲወልቅ ጤና ጣቢያ ትገባለች፤ ካርዷ ላይ «ወድቄ ነው» ያለችው ይጻፋል፤ ይህን ስትናገር እሱ አጠገቧ ቆሟል።

ይህች ሴት አንድ ቀን ተከሳሽ ሆና ስትቆም «ይመታሽ እንደነበር ማስረጃ አለሽ?» ትባላለች። የላትም። ያለፈችባቸው ደጃፎች ሁሉ ወረቀት አልሰጧትም። እርቁ አልተጻፈም፤ ክሱ ተነሥቷል፤ የሕክምና ካርዱ የሚናገረው ስለ መውደቅ ነው። ገበናን መሸፈን ጨዋነት ነው ስንል የኖርነው ሰዎች፣ ሳናውቀው የዚያችን ሴት ማስረጃ ስናጠፋ ኖረናል። እኔ ዛሬ ልናገር የመጣሁት ዋና ነገር ይህ ነው። የፍትሕ ማሻሻያ ሲባል ሰው ሁሉ አዲስ አንቀጽ ያስባል። አንቀጹም ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ግን ከዚያች ሌሊት ቀድመው የነበሩት ዓመታት በምን በር ወደ ችሎት ይገባሉ የሚለውን መመለስ አለብን።

ከአገራችን ታሪክ በዓለም የታወቀው ጉዳይ የአበራሽ በቀለ ነው። በፈረንጆች 1996 በአርሲ፣ የአሥራ አራት ዓመት ተማሪ ሳለች፣ ፈረሰኞች ከትምህርት ቤት መንገድ ላይ ጠለፏት። ጠላፊው ደፈራት። ልታመልጥ ስትል ተከታትሎ ሲደርስባት በያዘችው ጠመንጃ ተኩሳ ገደለችው። በመዓዛ አሸናፊ መሪነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳይዋን ያዘ፤ ከረጅም ክርክር በኋላ ፍርድ ቤቱ ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። ያኔ በሥራ ላይ የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ክሱ ይቀርለታል ይል ነበር። በ1996ቱ ሕግ ይህ ተሽሯል፤ ጠለፋ በአንቀጽ 587 ከ3 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል፤ ጋብቻ መሸሸጊያ አይሆንም። አንዲት ልጅና ጥቂት ጠበቆች አገር አንቀሳቅሰዋል።

ነገር ግን ልብ በሉ። አበራሽን ያዳናት ጥቃቱ በዚያው ሰዓት እየደረሰባት መሆኑ ነው። የዛሬው ሕጋችን አንቀጽ 78 ስለ ሕጋዊ መከላከል ሲናገር በመፈጸም ላይ ያለ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ሕገ ወጥ ጥቃት መኖሩን፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ አለመቻሉን፣ መከላከሉም ከጥቃቱ ጋር መመጣጠኑን ይጠይቃል። አበራሽ ሮጣለች፤ አሳዳጁ ከኋላዋ ነበር። አሁን አበራሽ ባታመልጥ ኖሮ ብላችሁ አስቡ። ሽማግሌ መጥቶ፣ እርቅ ተደርጎ፣ ሚስቱ ሆና፣ አራት ልጅ ወልዳለት፣ ከአሥራ አምስት ዓመት ዱላ በኋላ አንድ ሌሊት ተኝቶ ሳለ ብትገድለው? ያው ልጅ፣ ያው ሰው፣ ያው በደል፣ ይልቁንም የከፋ። ሕጉ ግን ከአንቀጽ 78 አውጥቶ ወደ 539 ደጃፍ ይወስዳት ነበር። መደፈሯ እንኳ አይቆጠርላትም፤ አስገድዶ መድፈርን የሚደነግገው አንቀጽ 620 የሚናገረው ከጋብቻ ውጭ ስለ ተፈጸመ ድርጊት ነውና። ባል ሚስቱን ሲያስገድድ እንደ አስገድዶ መድፈር የማያይ ሕግ፣ ሚስት ከዚያ ራሷን ስትከላከል ከምን ተከላከልሽ ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ሌላ አገር ይህን በር ለመክፈት ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ ሴቶቹ ራሳቸውና ጠበቆቻቸው ለዓመታት ደጅ ከጠኑ በኋላ፣ በግንቦት 2019 ከቤት ውስጥ ጥቃት ለተረፉ ሰዎች የፍትሕ ሕግ አወጣ። ሕጉ ማንንም በነፃ አያሰናብትም። ዳኛው ሦስት ጥያቄ እንዲጠይቅ ያደርገዋል። ተከሳሿ በዚያን ጊዜ ከቤተ ሰብ አባል ከባድ አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ሥነ ልቡናዊ ጥቃት ይደርስባት ነበር ወይ? ያ ጥቃት ለወንጀሉ ጉልህ ምክንያት ሆኗል ወይ? መደበኛው ቅጣት በእሷ ላይ ቢጣል ከመጠን በላይ ይከብዳል ወይ? ለሦስቱም መልሱ አዎ ከሆነ፣ ዕድሜ ልክ ያስቀጣ የነበረው ግድያ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው የተወሰነ ቅጣት ሊተካ ይችላል። ከሁሉ የምወድለት ክፍሉ ደግሞ ወደ ኋላ መሥራቱ ነው፤ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት 8 ዓመትና ከዚያ በላይ የተፈረደባት እስረኛ ቅጣቷ እንደገና እንዲታይላት ማመልከት ትችላለች።

ማመልከቻዋ ላይ ቢያንስ ሁለት ማስረጃ ማያያዝ አለባት። ከሁለቱ አንዱ የፍርድ ቤት፣ የሆስፒታል፣ የፖሊስ ወይም የማኅበራዊ አገልግሎት መዝገብ፣ የጥበቃ ትእዛዝ፣ ወይም ያየ ሰው በመሐላ የሰጠው ቃል መሆን አለበት። ይህን የመጨረሻውን አስታውሱልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሕጉ እንደ ወጣ ከተፈተነባቸው ጉዳዮች አንዱ የኒኮል አዲማንዶ ነበር። በመስከረም 2017 ሌሊት፣ ፖኪፕሲ በምትባል ከተማ፣ አንድ ፖሊስ አረንጓዴ መብራት በርቶላት የማትነቃነቅ መኪና አየ። ከመሪው ጀርባ ያለችው ወጣት እናት ናት፤ ሁለት ሕፃናት ከኋላ ተቀምጠዋል። አብሯት የሚኖረውን የልጆቿን አባት በጥይት ገድላ ወጥታ ነበር። ይህች ሴት ከብዙዎች የሚለያት ማስረጃ የነበራት መሆኑ ነው፤ ለዓመታት የጉዳቷ ምልክት በሕክምና ሰዎች ተጽፏል፣ ፎቶግራፍ ተነሥቷል፣ የማማከር አገልግሎት የሰጧት ሰዎች ያውቃሉ። ሆኖም ዳኛው አዲሱን ሕግ ሊሠሩባት አልፈቀዱም። ትታው መሄድ ትችል ነበር ብለው ቢያንስ 19 ዓመት የምትታሰርበትን የዕድሜ ልክ ፍርድ ፈረዱባት። በ2021 የይግባኝ ችሎቱ ያንኑ መዝገብ፣ ያንኑ ፎቶግራፍ፣ ያንኑ የምስክር ቃል አየና ቅጣቱን ወደ ሰባት ዓመት ተኩል አወረደው። የመጀመሪያው ዳኛ የተደበደበች ሴት እንዲህ መሆን አለባት በሚል ጊዜ ባለፈበት አስተሳሰብ ተመርተዋል አለ። በ2024 መጀመሪያ ከልጆቿ ጋር ተገናኘች።

አንድ ሕግ፣ አንድ ማስረጃ፣ ሁለት ችሎት። እዚህ ያላችሁ ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ ይህን ጉዳይ አግኝታችሁ ብታነቡት ደስ ይለኛል። «ለምን ትተሽው አልሄድሽም?» የሚለው ጥያቄ ከዳኛ አፍ ሲወጣ የሕግ ጥያቄ ይመስላል። መሄድ ግን ለብዙ ሴት ከመቆየት ይልቅ አደገኛ ነው፤ ብዙ ገዳይ ባሎች የገደሉት ሚስት ስትሄድባቸው ወይም ልትሄድ ስትነሣ እንደሆነ በዘርፉ የሚሠራ ሁሉ ያውቃል። ደግሞስ ወዴት ትሄዳለች? እናቷ መልሳታለች። ቤቱ በስሙ ነው። በየከተማው ያለው የሴቶች መጠለያ ጥቂት ነው፤ በገጠር ለብዙዋ ሴት ጭራሽ የለም። ልጆቿን ትታ ብትሄድ ደግሞ «ልጆቿን ጥላ የሄደች» ተብላ በሌላ ችሎት ትጠየቅበታለች።

ከኒው ዮርክ ወዲህ ኦክላሆማም በ2024 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታለች፤ የመጀመሪያውን ረቂቅ አገረ ገዥው ውድቅ አድርጎት ተሻሽሎ ነው የጸደቀው። በሚቀጥለው ጥር በዚያ ሕግ የመጀመሪያዋ ሴት ስትወጣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ታስራ ነበር።

አንድ ተቃውሞ ሁልጊዜ ይነሣል፤ የሚያነሡትም ክፉ ሰዎች አይደሉም። «ይህ መግደልን መፍቀድ ነው፤ የሞተው ሰው መልስ ሊሰጥ አይችልም» ይላሉ። እውነት ነው፣ የሞተ ሰው ራሱን አይከላከልም። የሟች ቤተ ሰብ በችሎቱ መሰማት አለበት፤ ሐሰተኛ ክስ ሟችን ሁለተኛ እንዳይገድለው ማስረጃው በጥብቅ መመርመር አለበት። እኔ የምጠይቀው ግን ማስረጃ ይመርመር ነው፤ አሁን ያለው ችግር ሳይመረመር መቅረቱ ነው። ሕጋችን ለንዴት ቦታ ሰጥቷል። በአንቀጽ 541 ስሜቱ ገንፍሎ የገደለውን በ5 ዓመት ያልፈዋል። ለንዴት የራራ ሕግ ለፍርሃት ሲጨክን ሚዛኑ የት አለ?

ሌላም ወገን አለ፤ ማንንም ያልገደሉት። እሱ ሲሰርቅ ዕቃውን ያስቀመጠችለት፣ እሱ የሰጣትን ዕፅ ጭና የተያዘች፣ በስሟ ብድር አስወጥቶ የተሰወረባት፣ ልጁን ሲመታ አላስጣልሽም ተብላ የተከሰሰች። እንዲህ ያለችው ሴት «እንቢ ብል ይገድለኝ ነበር» ብትል የሚሰማት አታገኝም፤ ብዙ ጊዜም አትናገርም፤ እሱ ውጭ ነው፣ ልጆቿም ከእሱ ጋር ናቸው። የኒው ዮርኩ ሕግ እነዚህንም ያቅፋል። እኛ ስናስብ ግድያን ብቻ ካሰብን ቁጥራቸው የሚበዛውን ረስተን እንቀራለን።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? አዲስ ሕግ እስኪወጣ ድረስ እጃችንን አጣጥፈን የምንቀመጥበት ምክንያት የለም፤ ያለው ሕግ ራሱ ከምንሠራበት በላይ ሰፊ ነው። አንቀጽ 79 ራስን መከላከል ከመጠን ሲያልፍ ዳኛው ቅጣቱን ያለ ገደብ እንዲያቀልል፣ በጥቃቱ የተነሣ ይቅር በሚያሰኝ ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ቅጣት እንዳይጥል ይፈቅድለታል። አንቀጽ 82 በከባድ ጭንቀት፣ ተገቢ በሆነ ፍርሃት፣ ወይም በምትታዘዘውና በምትተዳደርበት ሰው ተጽእኖ ሥር ሆና የፈጸመች ሰው ቅጣቷ እንዲቀልል ያዝዛል። «በምትተዳደርበት ሰው» የሚለውን ሐረግ የጻፈው ሰው ስለ ማን እያሰበ እንደጻፈው አላውቅም፤ ለዚህች ሴት ግን ልክ ተሰፍቶላታል። ጠበቃዋ ካላነሣው ግን ሕጉ በራሱ አይናገርም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ለሌለውና ያለ ጠበቃ ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆም ያዝዛል። ችሎት ውስጥ መዝገቡን በዚያው ጠዋት ከፍቶ የሚያይ ተከላካይ ጠበቃ ግን የአሥራ አምስት ዓመት ኑሮ ጠይቆ ሊያወጣ አይችልም።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በአምስት ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። አንድ ጥሩ የተዘጋጀ መዝገብ እዚያ ቢደርስና «ሊደርስ የተቃረበ ጥቃት» ሲባል በአንድ ቤት ውስጥ ለዓመታት የዘለቀ ዛቻ እንዴት ይታያል የሚለው ቢተረጎም፣ ከሞያሌ እስከ ሁመራ ያለው ዳኛ ይከተለዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው የፓርላማ ድምፅ አይደለም፤ ትዕግሥት ያለው ጠበቃ ነው።

አሁን ወደ ማስረጃው፣ ወደዚያ በመሐላ ወደ ተሰጠ ቃል ልመለስ። ወረቀት የለንም አልኩ። ሰው ግን አለን። ሦስት ጊዜ የተቀመጡት ሽማግሌዎች አሉ፤ ስንት ጊዜ እንዳስታረቁ፣ ፊቷ እንዴት እንደ ነበር፣ እሱ ምን ብሎ እንደማለ ያውቃሉ። በግድግዳ ማዶ ጩኸቷን የሰማች ጎረቤት አለች። ቅቤ የቀባቻት እናት አለች። ክሱን ያስነሡት አማቾች እንኳ ያውቃሉ። እነዚህን ሰዎች ወደ ችሎት መጥራት የጠበቃ ሥራ ነው፤ ሲጠሩ መምጣትና ያዩትን መናገር ደግሞ የእኛ። «ነገር ይሆንብኛል»፣ «የሟች ወገን ይቀየመኛል» እያልን ዝም ያልንበት ጊዜ ሁሉ ዝምታችን የተከሳሿ ዕድሜ ሆኖ ተቆጥሯል። ሽማግሌዎችም ከዛሬ ጀምሮ ስለ ዱላ የተቀመጡበትን እርቅ ቀኑንና የተባለውን አንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ቢያኖሩ ባህላችን አይጎድልም።

ቀድመው ለተፈረደባቸው ደግሞ ከይግባኙና ከሰበሩ በኋላ የሚቀረው አመክሮና ይቅርታ ነው። አመክሮ የቅጣቷን ሁለት ሦስተኛ ለጨረሰች ነው፤ ዕድሜ ልክ ለተፈረደባት ከ20 ዓመት በኋላ። ይቅርታ ደግሞ በማመልከቻ ይጠየቃል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2010 ያጸደቃቸው፣ የባንኮክ ደንቦች በመባል የሚታወቁት የሴት እስረኞች መመሪያዎች አንዲት ሴት ማረሚያ ቤት ስትገባ የደረሰባት ጥቃት በጤና ምርመራዋ እንዲጠየቅ፣ ፍርድ ቤትም የሕይወቷን ታሪክ በቅጣት ማቅለያነት የማየት ሥልጣን እንዲኖረው ይጠይቃሉ። ይህ መጠይቅ በመግቢያ ቀን በሴት ባለሙያ፣ በር ተዘግቶ፣ ቢጠየቅና ቢጻፍ፣ ነገ የይቅርታ ማመልከቻዋን የሚያጠናው ሰው በእጁ የሚይዘው ነገር ያገኛል።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሕግ ተማሪዎች በብዛት አያለሁ። የብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው። በአካባቢያችሁ ወዳለው ማረሚያ ቤት ገብታችሁ፣ ባል ወይም አብሮ የሚኖር ሰው ገድለሻል ተብላ ከ10 ዓመት በላይ የተፈረደባት አንዲት ሴት ፈልጉ። ፈቃዷን ጠይቁ። የፍርድ ግልባጯን አንብቡ፤ ሟቹ ከሞተበት ሌሊት በፊት ስላለው ጊዜ ስንት መስመር እንደተጻፈ ቁጠሩ። ከዚያ ወደ መንደሯ ሄዳችሁ ሽማግሌዎቹን፣ ጎረቤቷን፣ እናቷን ቃላቸውን ተቀበሉ፤ አስፈርሙ። ያንን ይዛችሁ የይቅርታ ማመልከቻዋን ጻፉላት። ማመልከቻው እንዴት እንደሚዘጋጅ ማየት የምትፈልጉ ካላችሁ ከጥያቄና መልሱ በኋላ እዚሁ እቆያለሁ።